አገውኛ ብቻ የሚሰማ ውሻ

በአገራችን ውሻ የሚመሰገንበት አፍና የሚሰደብበት አፍ አንድ ነው። ‹‹ውሻ በበላበት ይጮኻል›› ስንል ታማኝነቱን ማወደሳችን ነው፤ ወዲያው ክብሩን የጣለ ሰው ስናይ ደግሞ ‹‹ይህ ውሻ!›› እንላለን። ‹‹ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል›› ብለን ጥፋቱን በእሱ ላይ እናላክካለን፤ ጅቡ እውነት የመጣ ሌሊት ግን አጥሩ ሥር ቆሞ የሚሟገትልን እሱ ራሱ ነው። ቤት ይጠብቃል እንጂ ቤት አይገባም። ላም የሞተችበትን ገበሬ ‹‹እግዜር ይተካ›› የሚል ጎረቤት፣ ውሻ የሞተበትን ሰው ምን ብሎ እንደሚያጽናና አያውቅም። ቃሉም የለንም።

በአዊ አገር ለሚኖር ሰው ይህ ነገር ይበልጥ ጎልቶ ይታየዋል፤ እዚህ የክብር እንስሳ ፈረስ ነውና። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመ ማኅበር ነው። በዓድዋ ጦርነት የዘመቱ አባቶችንና የፈረሶቻቸውን ውለታ ለመዘከር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሱ ተሸልሞና ተሽሞንሙኖ አደባባይ ይወጣል። ንጉሥ እንኳ በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለዋል። በውሻው ስም የተጠራ ንጉሥ ግን አልሰማሁም። ፈረስ ወደ ጦር ሜዳ ይዞን ይሄዳል፤ ውሻ እቤት ሆኖ ይጠብቀናል። ምናልባት ልዩነቱ ይኸው ይሆናል። ለመሄድ ይፎከርለታል፤ ለመጠበቅ ማንም አይፎክርም።

ይህን የማነሣው ስለ ውሻ ለመፈላሰፍ ብዬ አይደለም። ሚስቴን ቀብሬ ብቻዬን የቀረሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ግቢዬ የገቡት ሁለት ውሾች ምን እንዳደረጉልኝ ሳስበው፣ ነገሩ ለጎረቤት ቢነግሩት የሚያስቅ፣ ለንስሐ አባት ቢነግሩት የሚያስገርም ሆኖ አገኘሁት። እንግዲህ ለአንባቢ ልንገረው ብዬ ተነሣሁ። አንባቢ ቢስቅም ፊቱ አይታይም።

የምኖርባት ከተማ ግምጃ ቤት ትባላለች፤ የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው የነገሥታት ሀብት የተከማቸባት ይመስለዋል። ግምጃ ውድ የሐር ጨርቅ ነው፤ ግምጃ ቤትም ሀብትና ንብረት፣ የቤተ ክርስቲያን አልባሳት የሚቀመጥበት ቤት ነው። እኛ ያለን ሀብት ግን ዝናብ፣ ቀርከሃ፣ ድንችና ጉም ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ በቀርከሃው አጥር ላይ ተኝቶ እስከ ረፋድ አይነሣም። በ1974 ዓ.ም. ለማስተማር ተመድቤ ስመጣ ሐሳቤ ሁለት ዓመት አገልግዬ መዛወር ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከአንከሻ ሰዎች ልጅ ጋር ተዋወቅሁ፤ በ1976 ተጋባን፤ ዝውውሩም በዚያው ቀረ።

ባለቤቴ አገው ነበረች። ከእናቷ፣ ከእኅቶቿ፣ ከገበያተኛው ጋር የምታወራው በአገውኛ ነው፤ ከእኔ ጋር ግን በአማርኛ። ልጆቹን ስትቆጣም ስታባብልም በአገውኛ ነበር። ጆሮዬ ከዓመት ዓመት ሁሉን ሰምቶ ለመደ። አፌ ግን ከሰላምታ አላለፈም፤ አገውኛ ካልተናገርክ አልሰማህም የሚለኝ ሰው አልገጠመኝማ። በአማርኛ ተዋደድን፣ በአማርኛ ተኳረፍን፣ በአማርኛ ታረቅን። አገውኛው የቤቱ ድምፅ ነበር፤ እንደ ምድጃው እሳት ከወዲያ በኩል የሚሰማ፣ ማንም ልብ የማይለው።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. አረፈች። ስለ ሕመሟ አልጽፍም፤ አጭር ነበር። ስለ ለቅሶው ግን መመስከር አለብኝ፤ በሐዘን ጊዜ ሰው የማያውቅበት አገር አይደለንምና። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ወንበርና ብርድ ልብስ አመጣ። ጎረቤቶቼ ንፍሮውን ቀቀሉ፣ እንጀራውን ተሸክመው መጡ። ሴቶቹ እስከ ሰልስት እቤቴ አደሩ። ከገጠር ዘመዶቿ በጭቃው መንገድ በእግራቸው መጥተው በአገውኛ አለቀሱላት። እኔም የሰማሁትን ሁሉ ተረዳሁት፤ መረዳት ባልችል ይሻለኝ ነበር። ሰባቱ ወጣ፣ አርባው ወጣ፣ ሙት ዓመቱም ወጣ። በየቀኑ የሚያጽናናኝ ሰው ነበር፤ በየደረጃውም ሥርዓት ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ሥርዓቱ ሲያልቅ ነው። ድንኳኑ ሲነሣ ሣሩ ላይ የአራት ማዕዘን ቢጫ ምልክት ትቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ስም የለውም። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ይገባዋልም። ልጆቼም አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዱ ባሕር ማዶ ናቸው፤ ስልክ ይደውላሉ፣ ‹‹አባዬ፣ በላህ?›› ይላሉ። ‹‹በላሁ›› እላለሁ። ስልኩ ሲዘጋ ግን የግድግዳው ሰዓት ድምፅ ይመጣል።

ሚስት ስትሞት ሰው ፍቅሩን የሚያጣ ይመስለዋል። እኔ የተረዳሁት ሌላ ነው። ፍቅሩማ ቀርቷል፤ የትም አልሄደም። የሄደው ‹‹የት ቆየህ?›› የሚለኝ ሰው ነው። 35 ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ብዘገይ፣ ከዕድር ስብሰባ ብዘገይ፣ መንገድ ላይ ከሰው ጋር ወሬ ይዞኝ ብዘገይ፣ በሩን ስከፍት ‹‹የት ቆየህ?›› ይለኛል አንድ ድምፅ። ደግሞ የምጠላው ጥያቄ ነበር፤ ወንድ ልጅ ይጠየቃል እንዴ እያልኩ። አሁን በስድስት ሰዓት ብገባ፣ በሦስት ሰዓት ብገባ፣ ጨርሶ ባልገባ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ሰው የሚኖረው በሚጠበቅበት ቦታ ነው። እኔ የምተኛበት ቤት ነበረኝ እንጂ የምኖርበት አልነበረኝም።

ቻለው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ። የባለቤቴ አክስት ከገጠር ቤታቸው ሆነው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም ዳንግላ ያለችው ልጃቸው ወሰደቻቸው። በሬው ተሸጠ፣ ዶሮው ታረደ፣ ዕቃው ተከፋፈለ። የሚወስደው የጠፋው ውሻው ብቻ ሆነ። የባለቤቴ ወንድም በገመድ እየጎተተ ይዞት መጣ። ‹‹ጋሼ፣ ሌባ እንኳ ይጠብቅልዎታል›› አለኝ። ቡላ መልክ ያለው፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ውሻ ነው። ቻለው የሚለውን ስም ያወጡለት አክስቲቱ ናቸው። በእኛ አገር ውሻ በስሙ መልእክት ይሸከማል፤ ባለቤቱ ለጎረቤት፣ ለአማት፣ ለዕድል በቀጥታ የማይናገረውን ውሻውን እየጠራ ይናገራል። አክስቲቱ ይህን ስም ለማን እንዳወጡት አልጠየቅሁም። እኔ ግን በዚያ ክረምት ማግሥት ጧትና ማታ በግቢዬ መካከል ቆሜ ‹‹ቻለው! ቻለው!›› እያልኩ መጮኼን አንባቢ ያስበው።

ቻለው ግን አልቻለውም። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። ‹‹ና›› ስለው ፊቱን ያዞራል፤ ‹‹ቁጭ በል›› ስለው ይቆማል፤ ‹‹ብላ›› ስለው ያየኛል። ስሙን ሲሰማ ጆሮውን ያነሣል፤ ከዚያ በኋላ የምለው ሁሉ ለእሱ የነፋስ ድምፅ ነው። ደንቆሮ ይሆን ብዬም ተጠራጠርኩ። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴ ባልቴት በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ከአንዲት ሴት ጋር በአገውኛ ሰላምታ ተለዋወጡ። ውሻው ከተኛበት ብድግ ብሎ ጭራውን ቆላ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ይህ ውሻ በሕይወቱ አማርኛ ሰምቶ አያውቅም። እኔም ዝም ብዬ ትንሽ ቆየሁና ባለቤቴ ልጆቻችን ትንንሾች ሳሉ፣ ማታ ከሜዳ ለእራት ትጠራበት የነበረውን ቃል አስታወስኩ። በሩ ላይ ቆማ፣ ቃሉን ወደ መጨረሻው ረዘም አድርጋ ነበር የምትለው። በዚያው ዜማ ጠራሁት። መጣ። እግሬ ሥር ደርሶ ተቀመጠና የሰጠሁትን እንጎቻ በላ። እኔ ግን እንጎቻውን ከሰጠሁት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ አልተነሣሁም። በዚያ ግቢ ውስጥ ያ ቃል ከተጠራ ስንት ዓመቱ ነበር!

ከዚያን ቀን ጀምሮ አገውኛ ተማሪ ሆንኩ፤ በ60 ዓመቴ ማለት ነው። ተናጋሪዎቹ አውኚ የሚሉት ይህ ቋንቋ ከአማርኛ ጋር ጎረቤት እንጂ ዘመድ አይደለም። አማርኛ ሴማዊ ነው፤ አገውኛ ኩሻዊ። ሥጋ ዘመዶቹ በዋግ የሚነገረው ኽምጣንጋ፣ በኤርትራ በከረን አካባቢ የሚነገረው ብሊን፣ በጎንደር ዙሪያ ተናጋሪው እጅግ የተመናመነው ቅማንትኛ ናቸው። ዛሬ በዞናችን ትምህርት ቤቶች ሕፃናት ይማሩበታል። ለእኔ ለአማርኛ ምላስ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ አለው፣ ያውም ቃል መጨረሻ ላይ። የምሳሳተውን ሁሉ በቻለው ፊት ተሳሳትኩ። ከሰው ጋር ብለማመድ ኖሮ ይሳቅብኝ ነበር፤ ውሻ ግን የሰዋስው ስሕተት አያርምም፤ ዜማውን ከሰማ ይበቃዋል። የማልችለውን ቃል ጎረቤቴን ባልቴት እጠይቃለሁ። ‹‹መምህር፣ እኔን አልጠይቅ ብለው ኖረው ለውሻ ሲሉ ጠየቁኝ›› ብለው ሳቁ። ደግሞም እያረሙ ያስተምሩኛል። ከዚያ በፊት በዓመት አሥር ቃል የማንነጋገር ሰዎች አሁን በየቀኑ አጥር ለአጥር እንማማራለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። ‹‹ውሻ ይዞ ሰውን ተወ›› የሚል ሐሜት አለ። በእኔ የደረሰው ግን ተቃራኒው ነው። ውሻ ይበላል፤ ስለዚህ ወጥ መሥራት ጀመርኩ። ለራሴ ብቻ ሳለሁ ዳቦና ሻይ ይበቃኝ ነበር። ለእሱ አጥንት ስል ሥጋ ቤት ሄድኩ፤ ሥጋ ቤቱ ወሬኛ ነው። ቻለው የገጠር ውሻ በመሆኑ ታስሮ መዋል አይሆንለትም፤ ስለዚህ ጧት ጧት ወደ ወንዙ በኩል ይዤው እወጣለሁ። መንገድ ላይ ስንት ሰው ‹‹እንዴት አደሩ፣ መምህር›› ይለኛል መሰላችሁ! ሐዘንተኛን ሰው ሲያገኘው ምን እንደሚለው ይጨንቀዋል። ውሻ ያለው ሰው ሲያገኝ ግን ወሬው ቀላል ነው፤ ‹‹ይናከሳል?›› ይላል። ‹‹አይናከስም›› ይባላል። ጨዋታው ከዚያ ይቀጥላል።

እሑድ ወደ ማርያም ስሄድ እስከ ቅጥሩ በር ተከትሎኝ ይመጣል። ከዚያ አያልፍም፤ ሥርዓቱም አይፈቅድም። እኔ አስቀድሼ እስክወጣ ከበሩ ውጭ፣ ከነዳያኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ይተኛል። አንድ ጊዜ የማውቃቸው ቄስ አይተውት ፈገግ አሉና መጽሐፈ ጦቢትን አስታወሱኝ። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ ነው። ጦቢያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሻው አብሮት ሄዷል። ውሻው በታሪኩ ውስጥ ምንም ተአምር አልሠራም፤ ዓይነ ስውሩን አላዳነ፣ አጋንንት አላባረረ። የሠራው አብሮ መሄድና አብሮ መመለስ ነው። መጽሐፉ ግን ሳይጠቅሰው አላለፈም። ቄሱ ‹‹ከመልአክ ጋር የተጓዘ ውሻ እንዳለም አይርሱ›› አሉኝ።

ሁለተኛዋ የመጣችው ራሷን ጋብዛ ነው። በ2013 ክረምት፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊቱን ባላቋረጠበት ሰሞን፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ቱቦ ውስጥ ቡችላ ሲያለቅስ ቻለው ሰማ። ውኃው እየሞላ ነበር። ቻለው ቱቦው አፍ ላይ ቆሞ አልሄድም አለ፤ ስጎትተው ተጋደመ። የሰፈር ልጆች በቀርከሃ ዘንግ ስበው አወጧት። ከእጅ መዳፍ ብዙ የማትበልጥ ጥቁርና ነጭ ናት። ልጆቹ ሚጣ አሏት፤ ሚጣ ሆና ቀረች። እሷ የከተማ ልጅ ናት፤ አማርኛም አገውኛም እኩል ትሰማለች፤ ሁለቱንም አትታዘዝም። በእሷ ምክንያት የሰፈሩ ልጆች ግቢዬን ቤታቸው አደረጉት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ‹‹ቲቸር›› የሚለኝ ልጅ አልነበረኝም፤ አሁን የቤት ሥራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሚጣን እየዳበሱ ክፍልፋይ ይሠራሉ።

ሐሜቱ አልቀረም። ‹‹ሰው ጠፍቶ ነው ከውሻ ጋር የሚኖረው?›› የሚሉ አሉ። የሚያዝኑልኝም አሉ፤ ‹‹አንዲት ደህና ሴት ፈልገን እናጋባዎት›› ይሉኛል። ደጎች ናቸው። ሌላ ሴት ማግባትን የሚነቅፍ አፍ የለኝም፤ ብዙዎች አግብተው በሰላም ኖረዋል። እኔ ግን የማስበው፣ ሰዎቹ ውሾቹን በባለቤቴ ቦታ ያስቀመጥኳቸው ስለሚመስላቸው ነው የሚደነግጡት። የእሷ ወንበር እንደ ነበረ ባዶውን አለ። ውሾቹ የተቀመጡት ደጃፉ ላይ ነው፤ ‹‹የት ቆየህ?›› በሚባልበት ቦታ።

ይህ ደግሞ የድሃ ጡረተኛ ነገር ብቻ አይደለም። እቴጌ መነን በየካቲት 1954 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከ13 ዓመታት በላይ ያለ ባለቤት ኖረዋል። በእነዚያ ዓመታት በተነሡት ፎቶግራፎች ውስጥ ሉሉ የሚባለው ትንሽ ውሻ ከአጠገባቸው ይታያል። ፖላንዳዊው ጸሐፊ ካፑሺንስኪ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሉሉ ብዙ የሚያከራክር ነገር ጽፎ ዓለምን አስቆበታል። እኔ ፎቶግራፎቹን ሳይ አያስቀኝም። በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚሰግድ፣ የሚለምን፣ የሚፈራና የሚያማ ሰው ሞልቷል። ጃንሆይ ንጉሥ መሆናቸውን የማያውቀው ሉሉ ብቻ ነበር። ሚስት የምታውቀን በማዕረጋችን አይደለም፤ ሚስት ከሞተች በኋላ በማዕረጋችን የማያውቀን ፍጡር ማግኘት ለንጉሥም ቀላል አይደለም።

በዓለም ላይ ስሙ የገነነው የታማኝ ውሻ ታሪክ የጃፓኑ የሃቺኮ ነው። ጌታው ፕሮፌሰር ኡኤኖ በግንቦት 1925 እ.ኤ.አ. በድንገት ሞተ። ሃቺኮ እስከ ሞተበት እስከ መጋቢት 1935 ድረስ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በቶኪዮ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ይጠብቀው ነበር። ገና በሕይወት ሳለ ሐውልት ቆመለት። ታሪኩ ሲነገር ሁሉ ሰው ያለቅሳል። እኔ ግን ሳስበው በዚያ ጣቢያ ላይ ቆሜ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያለፈችውን ስጠብቅ። የእኔዎቹ ውሾች ያደረጉት ከሃቺኮ የተገለበጠ ነው። የሞተችውን ከመጠበቅ አንሥተው፣ በሕይወት ያለሁትን እኔን መጠበቅ ጀመሩ።

ይህ ስጦታ ግን ዋጋ አለው። ዋጋውን ያወቅሁት በ2014 ዓ.ም. ነው። በአካባቢያችን የታመመ ውሻ ሰው ነክሷል የሚል ወሬ ተነዛ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። በዓመት ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዓለም ላይ እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው፤ ከመቶው 99 እጅ በውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በአንጻሩ፣ ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ ያህል በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባቱን ለሚጀምር ሰው መዳኛ አለው። ፓስተር በሐምሌ 1885 እ.ኤ.አ. የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ከከተበ ጀምሮ ይህ የታወቀ ነው። በእኛ አገር ግን ለብዙ ዘመን ክትባቱ በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሰው መርፌውን ከበሽታው እኩል ይፈራው ነበር።

በሽታው ሲሰማ የሚደረገው ሌላው ነገር መርዝ ነው። በአገራችን ከተሞች ባለቤት የሌለውን ውሻ መርዝ በተለወሰ ሥጋ ማጥፋት የቆየ ዘዴ ነው። መርዙ ግን ባለቤት ያለውንና የሌለውን አይለይም። ‹‹ማታ ሥጋ ይጣላል›› የሚል ወሬ በሰማሁ ጊዜ ልቤ ሲመታ ተሰማኝ። ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ ፈርቼ አላውቅም ነበር። ሌሊት ጥይት ቢተኮስ፣ መብረቅ ቢወርድ፣ ‹‹ከዚህ በኋላ ምን እንዳይመጣብኝ?›› የምል ሰው ነበርኩ። ይህን ጀግንነት ይመስለኝ ነበር፤ ባዶነት ኖሯል። ያን ሌሊት ሁለቱንም እቤት አስገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ውሻ እቤት አይገባም የሚለውን ሥርዓት በዚያ ሌሊት ሻርኩት። ሚጣ አልጋዬ ሥር አንኮራፋች። ቻለው በሩ ሥር ተጋድሞ አነጋ። እኔም ሳልተኛ፣ የማጣው ነገር ያለኝ ሰው ሆኜ ተመልሼ መምጣቴን እያሰብኩ አደርኩ።

በማግሥቱ እንስሳት ክሊኒክ ወስጄ አስከተብኳቸው። ሐኪሙ ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶው 70ው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ እንደሚያጣ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ልጆቹን ይዤ በየቤቱ እየዞርኩ፣ ‹‹ውሻችሁን አስከትቡ፤ ልጃችሁን ማስከተብ ነው›› እያልኩ ቀሰቀስኩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አስከተበ። ዕድሜውን ሁሉ ያስተማረ ሰው ርእስ ካገኘ ዝም አይልም።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ልጄ ከባሕር ዳር እንደ ልቧ መምጣት አልቻለችም። ስልክም የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ከብዙ ቀን በኋላ መስመሩ ተከፍቶ የደወለች ዕለት፣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ሚጣ የጎረቤትን ዶሮ ስታባርር አየሁና ሳላስበው ወደ ቻለው ዞሬ በአገውኛ ጮኽኩ፤ መልሳት፣ ተዋት በላት እንደማለት። ስልኩ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። የተቋረጠ መስሎኝ ‹‹ሃሎ፣ ሃሎ›› አልኩ።

‹‹አባዬ›› አለች ልጄ፣ ‹‹ከማን ጋር ነው የምታወራው?››

‹‹ከቻለው ጋር።››

‹‹አነጋገርህ ልክ እንደ እማዬ ነው›› አለች። ከዚያ ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ አልተናገርንም። በኋላ እሷ በአገውኛ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ መብላቴን ነው የጠየቀችኝ። እኔም በአገውኛ መለስኩላት። አባትና ልጅ ሆነን በዚያ ቋንቋ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትደውል ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእናቷ ቋንቋ እናወራለን። ባሕር ዳር የተወለደው ልጇም ከስልኩ ሥር ሆኖ አንዳንድ ቃል ይለቅማል። አንድ ማንም ያልፈለገው ውሻ በገመድ ተጎትቶ ባይመጣ ኖሮ፣ ያ ቋንቋ በእኔ ቤት ከባለቤቴ ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር።

ቻለው አሁን አርጅቷል። አፉ ዙሪያ ሸብቷል፤ የኋላ እግሩን ጧት ጧት ይጎትተዋል። ወደ ወንዙ የምንሄደው መንገድ በየወሩ ያጥራል። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ15,000 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ ዕድሜውን ከእኛ ዕድሜ ጋር አላስተካከለም፤ ውሻ የያዘ ሰው የሚቀብረውን ወዳጅ ነው የሚያሳድገው። ‹‹ሌላ ሐዘን ለምን ፈልገህ ታመጣለህ?›› የሚሉኝ ወዳጆቼ ይህን አይተው ነው። ልክ ናቸው፤ ሐዘኑ ይመጣል። ድንኳን አይተከልለትም፣ ንፍሮ አይቀቀልለትም፤ ለእሱ የሚሆን የማጽናኛ ቃል በአማርኛችን እንደሌለ በመጀመሪያ ተናግሬአለሁ። በአገውኛ ይኖር እንደሆነ ጎረቤቴን ባልቴት ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና ‹‹የለም፤ እኔ ግን እመጣለሁ›› አሉኝ።

እስከዚያው ግን ሥራ አለን። ክትባታቸው በሚመጣው ወር ይታደሳል፤ የሰፈሩ ልጆች ደግሞ የፈተና ጊዜያቸው ደርሷል። አሁን ይህን ስጽፍ ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ጉሙ ከቀርከሃው ጫፍ እየወረደ ነው። ሚጣ የሆነ ነገር ይዛ ጓሮ ገብታለች። ቻለው ደጃፉ ላይ ሆኖ፣ ብዕሬን አስቀምጬ የምነሣበትን ጊዜ ይጠብቃል።